14 ወር ሰርታ ያልተቆጠረላት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ቆጪ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ከፊቴ ሶስት ልጆች ሲቪያቸውን እያባዙ ያወራሉ። ዘንድሮ የተመረቁ ይመስለኛል፣ ጊዜያዊ ዲግሪያቸውን፣ ቴምፖውን፣ በፕላስቲክ አርገው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። አንዷ እንዲህ አለች፣ "ገጠር ወርጄ ለግለሰብ ሁለት ዓመት ብሰራ የስራ ልምድ ብሎ ማን ይይዝልኛል? ቤት ብቀመጥ ይሻለኛል።" ጓደኞቿ አልተከራከሯትም። ተራዬ ደርሶ ኮፒዬን አስነስቼ ወጣሁና ሰርቦ እስክደርስ ሚኒባስ ውስጥ ስለሷ ሳስብ ነበር፣ ምክንያቱም ያ "ግለሰብ" የምትለው እኔ ነኝ። ደግሞም ልጅቷ ልክ ናት።

ሰርቦን ለማታውቁ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። እዛ ጫጩት አሳድጋለሁ። የአንድ ቀን ጫጩት ይመጣልኛል፣ 45 ቀን እስኪሞላው አሙቄ፣ ከትቤ፣ መኖ አብልቼ ለገበሬው እሸጣለሁ፣ በአንድ ዙር 1,000 አንዳንዴ 1,200 ይሆናል። ከኔ ጋር ሶስት ሰው ይሰራል። ለጉዝጓዝ የምንጠቀመው ሳጋቱራ ከጅማ እንጨት ቤቶች ነው የሚመጣው፣ ገንዘቡ ግን ከቡና ነው፣ ማለቴ ገበሬው ቡናውን ሸጦ እጁ ላይ ብር ሲገባ ነው ጫጩት የሚገዛው።

ለዚህ ስራ ዲግሪ ምን ያደርጋል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔም በፊት እንደዛ ነበር የማስበው። 2013 ላይ ግን አንድ ዙር ጫጩት ፈንግል ገብቶ ከግማሽ በላይ ጨረሰብኝ፣ ያውም ከትቤያለሁ ብዬ። ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ተዘርግተው የሚጠብቁኝን ነገር አልረሳውም፣ አንድ ቀን ብቻ 140 ቆጥሬ ለቅሜ ቀብሬያለሁ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። ክትባቱን የሸጠልኝ ሰው ክትባቱ ጥሩ ነው ይላል፣ እኔ ሰጥቻለሁ እላለሁ፣ ጫጩቶቹ ይሞታሉ።

መስከረም 2014 ላይ አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀች፣ የሆሳዕና ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ግቢውን አዙሬ አሳየኋትና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ "እትዬ፣ ክትባቱን በምን ውሃ ነው በጥብጠሽ የምትሰጪያቸው?" በቧንቧ ውሃ አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና ቀስ አርጋ አስረዳችኝ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክትባቱ ደግሞ ህይወት ያለው ስለሆነ ክሎሪኑ ይገድለዋል፣ እኔ ባዶ ውሃ ነበር ሳጠጣቸው የከረምኩት። ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት አስገዛችኝ፣ ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም፣ ከክትባቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ውሃው ላይ ይጨመራል። ከዛ በፊት ጫጩቶቹ ቢያንስ አንድ ሰዓት ውሃ እንዲጠማቸው ይደረጋል፣ ሲቀርብላቸው ክትባቱ ሳይበላሽ ተሻምተው እንዲጨርሱት። ክትባቱ እስኪበጠበጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እሷ በረዶ በፌስታል አርጋ ትንሽ የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ትይዘው ነበር። እሷ በነበረችበት 14 ወር ፈንግል ግቢያችን አልገባም። ዲግሪ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይሄን ነው።

ደመወዟ 3,500 ነበር፣ እጅ በእጅ። ደብተር ላይ ታስፈርመኛለች፣ እፈርማለሁ፣ እሷም ትፈርማለች። የስራ ግብር የለም፣ ጡረታ የለም። ይሄን ያረኩት ክፉ ለመሆን አደለም፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ያኔ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበርኩ፣ የቁርጥ ግብር ነው፣ መዝገብ አልይዝም። መዝገብ ለሚይዝ ነጋዴ የሰራተኛ ደመወዝ ወጪ ሆኖ ከትርፉ ላይ ይቀነስለታል፣ ለኔ ግን አንድ ሰው ብቀጥርም አስር ሰው ብቀጥርም ግብሬ ያው ነው። እና ሂሳብ የሚሰራልኝ ሰው "ለምን ራስሽ ላይ ፋይል ትከፍቻለሽ፣ አንዴ ካሳወቅሽ በየወሩ ማሳወቅ ነው፣ አንድ ወር ብትረሺ ቅጣት ነው" አለኝ። እሷንም ጠየኳት። ቢቆረጥባት እጇ ላይ የሚደርሳት 2,857 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፣ ቤት ኪራይ አለባት፣ ታናሽ ወንድሟን ታግዛለች፣ "ይቅርብኝ እትዬ፣ ሙሉውን ስጪኝ" አለችኝ። ሁለታችንም ተስማማን። ግን እኔ 41 ዓመቴ ነው፣ እሷ 23። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አባቷ አንድ ጊዜ ከሆሳዕና መጡ። ሳይናገሩ ነው የመጡት፣ ጅማ ወርደው ሌላ መኪና ይዘው ሰርቦ። እኛ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቦቲ ጫማ አድርጋ ሳጋቱራ እየገለበጠች ነበር። ሽማግሌው ቆመው አዩዋትና ወደኔ ዞረው "እህቴ፣ አስራ ስድስት ዓመት ያስተማርኳት ለዶሮ ጠባቂነት ነው?" አሉኝ። ድምጻቸው ቁጣ አልነበረውም፣ ያ ነው የከበደኝ። ቡና አፈላሁ፣ ልጅቷ የምትመዘግብበትን ደብተር አምጥታ አሳየቻቸው፣ በየቀኑ ስንት ሞተ፣ ስንት መኖ በላ፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ በየሳምንቱ ሚዛን። አገላብጠው አዩት፣ ደስ አላቸው መሰለኝ ፊታቸው ተፈታ። ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጡ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ "ጡረታ ይቆረጥላታል?" እናስጀምራለን አባባ አልኳቸው። አላስጀመርኩም።

ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ የተማረ ልጅ ገጠር አይወድም፣ ከተማ ነው የሚያምረው፣ ስራ ይንቃል ይላል። እኔ ያየሁት እንደዛ አደለም። ልጅቷ ሳጋቱራ ገልብጣለች፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስታ ከሰል ቀይራለች፣ በሶስት ወር ውስጥ አፋን ኦሮሞ ገበያ ውስጥ ገበሬ የምታስረዳበት ያህል ችላለች። አባቷም ቢሆኑ ዶሮውን ንቀው አልነበረም የጠየቁት፣ ይሄ ጊዜ የልጄ እድሜ ላይ ይቆጠራል ወይ ነው ያሉኝ።

ህዳር 2015 ላይ አንድ መስሪያ ቤት አንድ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ አወጣ። እሷ ሄዳ ብትወዳደር እኔ እጎዳለሁ፣ ግን ልጅ ናት ትሂድ ብዬ የስራ ልምድ ጻፍኩላት፣ ማህተም አደረኩበት፣ ያሰለጠነችኝን ሁሉ ዘርዝሬ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። በሁለተኛው ቀን ደወለች። እያለቀሰች አልነበረም፣ ድምጿ ደርቋል። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የስራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ከሌለው አንይዝም ብለው ወረቀቱን መለሱላት። ማስታወቂያው ላይም ከታች ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩትም ነበር።

ሌሊቱን ተቀምጬ አሰላሁ። በ3,500 ብር ደመወዝ ላይ የስራ ግብሩ ያኔ በነበረው ሰንጠረዥ 397 ብር ከ50 ነው። ጡረታ ከሷ 7 ፐርሰንት 245 ብር፣ ከኔ 11 ፐርሰንት 385 ብር። ከኔ ኪስ የሚወጣው 385 ብር ብቻ ነው በወር! በ14 ወር 5,390 ብር። ለመኖ አንድ ጊዜ ከምከፍለው ያንሳል። በዛ ብር ነው የአንድ ሰው 14 ወር ወረቀት ላይ እንዳልነበረ የሆነው። ከዛ በኋላ ሀገሯ ተመለሰች፣ ዜሮ ዓመት ሆና እንደገና ጀመረች።

ደንቡን አልቃወምም። በዘመድ ድርጅት ማህተም የሚጻፍ የውሸት ልምድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ የግብር ማስረጃ መጠየቃቸው ያንን ለመከላከል ነው። የሚያናድደኝ የትንሽ ከተማ ትንሽ ቀጣሪና ተመራቂው ሁለቱም የሚገናኙት ወረቀት የሌለበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ቀጣሪው ይሄ ልጅ ባንክ ሲጠራው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ፋይል አይከፍትለትም፣ ልጁ ደግሞ የማይቆጠር ስራ ስለሆነ ባንክ ሲጠራው ጥሎ ይሄዳል። ማን ይጀምር?

ሁለተኛው የቀጠርኩት ልጅ ላይ ይሄው ነው የደረሰብኝ። የዴዶ ልጅ ነው፣ አካውንቲንግ የተመረቀ፣ ሽያጩን እንዲይዝልኝ። ገንዘብ ስለሚነካ ተያዥ አምጣ አልኩት፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፣ ደመወዝተኛ የሆነ፣ ከመስሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። ወላጆቹ ገበሬ ናቸው። አጎቱ ገበሬ ነው። ዘመዶቹን ሁሉ ቢያዞር ደመወዝ የሚበላ ሰው የለም፣ በስንት ልመና ድሮ ያስተማረው መምህር እሺ አለው፣ ይሄ ብቻ አንድ ወር ፈጀ። ስራ በጀመረ በሶስተኛው ሳምንት የባንክ ፈተና አልፏል ተብሎ ተጠራ። ጫጩቶቹ 12 ቀናቸው ነበር። አልተቀየምኩትም፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን ካሰብኩት በኋላ ተያዥ መጠየቄን ተውኩ። ገበሬው በቴሌብር በቀጥታ ወደ ድርጅቱ እንዲከፍል አደረኩ፣ በጥሬ የሚያመጣም ካለ እዛው እለቱን ባንክ ይገባል፣ ልጁ የሚይዘው ብር ከሌለ ዋስ የሚሆነው ሰው ለምን ያስፈልገኛል? ለገጠር ልጅ ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ ማለት በር መዝጋት ነው።

ከወረቀቱ ሌላ የቤት ጉዳይ አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን ሰርቦ ውስጥ ቤት ስትከራይ ሌሊት ጫጩት ለማየት መውጣት አለባት፣ ከጅማ ልመላለስ ብትል ደግሞ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊቱ ነው ስራው፣ 32 ዲግሪ ምናምን ካልተያዘላቸው ተደራርበው ይታፈናሉ። ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰራሁ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መጸዳጃ ያለው። ከደመወዝ ጭማሪ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ደመወዝስ? ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግስት የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ገብቷል። ለተቀጣሪው ደስ ይላል፣ ይገባቸዋልም፣ ኑሮው ይታወቃል። እኔ ግን 11,500 መክፈል አልችልም፣ በተለይ ክረምት ላይ። ጫጩት የሚሸጠው ከህዳር እስከ ጥር፣ ግፋ ቢል እስከ የካቲት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው እጅ ላይ ምንም የለም። ደመወዝ ግን ሐምሌም ወር ነው፣ ነሐሴም ወር ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ዓመት ሙሉ የሚቆይ ሰው የማንቀጥረው፣ ገንዘብ ስለሌለን ሳይሆን ገንዘቡ የሚመጣበትና ደመወዙ የሚከፈልበት ወር ስለማይገናኝ ነው። ባንክ ደግሞ ለዚህ አይነት ክፍተት ብድር ልስጥሽ ሲል የቤት ካርታ ይጠይቃል።

ሶስተኛዋ አሁን ያለችው ናት። የአጋሮ አካባቢ ልጅ፣ እሷም እንስሳት ሳይንስ፣ የመውጫ ፈተናውን ያለፈች። የካቲት 2017 ላይ ስቀጥራት የመጀመሪያው ስራችን አብረን ሄደን ቲን ማውጣትና ጡረታ መመዝገብ ነበር፣ ገና አንድ ጫጩት ሳታይ። አሁን ደመወዟ 8,000 ነው። ሲሰላ ይሄን ይመስላል፣ የስራ ግብር 1,150፣ ጡረታ 560፣ የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት 10 ፐርሰንት 800 ብር፣ እጇ ላይ 5,490 ይገባል፣ ከኔ ደግሞ በላዩ 880 ብር ጡረታ ይጨመራል። ከ8,000 ብር ላይ 5,490 ለሷም ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ክፍሏ ነጻ ነው፣ እና ከመቶ ጫጩት ከአምስት በታች ከሞተ በየዙሩ 3,000 ብር ጨምሬ እሰጣታለሁ፣ እስካሁን አንድ ዙር ብቻ ነው ያመለጣት። ፈተና ሲኖራት ትሄዳለች፣ አልከለክላትም። ህጉ ከሙከራ ጊዜ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል፣ እኔ የለመንኳት ጫጩቶቹ 21 ቀን ሳይሞላቸው እንዳትሄድብኝ ብቻ ነው። በየስድስት ወሩ ሳትጠይቀኝ የስራ ልምዷን ከነግብር ማስረጃው አዘጋጅቼ እሰጣታለሁ። ፋይል ውስጥ ሁለት ይዛለች። ስትይዘው ፊቷን ብታዩት።

ስብሰባ ላይ የሚጠሩን ሰዎች ለተመራቂ ሁሉ ተደራጁ ነው የሚሉት፣ አምስት ሆናችሁ ማህበር መስርቱ፣ ብድር ውሰዱ፣ ሼድ ጠብቁ። ለሚችል ጥሩ ነው። ግን 23 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በአንዴ ነጋዴ መሆን አለበት እንዴ? ሰርቦ፣ ሰቃ፣ የቡ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት ሂዱ፣ አንድ ተመራቂ ቢያገኝ ስራው የሚቀየርለት ቡና አጣቢ፣ መኖ ሻጭ፣ የእንስሳት መድሀኒት ቤት፣ ማር ነጋዴ ሞልቷል። ቡናውን ብቻ ብናይ አውሮፓ የሚላከው ቡና ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ አለመሆኑን በማሳው መገኛ ነጥብ አስመዝግቡ የሚለው ህግ መጥቷል፣ ጂፒኤስ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል፣ ይሄ የተማረ ልጅ ስራ ነው። ታዲያ ለነዚህ ትንንሽ ቀጣሪዎች አንድ ሰው መጥቶ "ተመራቂ ቅጠሩ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የጡረታ 11 ፐርሰንት እኛ እንችላለን፣ ማሳወቁንም እዚሁ ወረዳ ላይ እንሰራላችኋለን" ቢል ስንቱ ይቀጥር ነበር። ከኔ ሂሳብ እንዳያችሁት ብሩ ብዙ አደለም።

ዩኒቨርሲቲያችንም ቢሆን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተጣምረው ሲመሰረት ጀምሮ የሚታወቀው ተማሪውን ማህበረሰቡ ውስጥ አውጥቶ በማስተማር ነው። የጤና ተማሪዎች እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ቲቲፒ ለሚባለው የቡድን የተግባር ስልጠና ሲወጡ ከህዝቡ ጋር ይኖራሉ፣ ሰው ያውቃቸዋል፣ እነሱም ከተማዋን አይፈሯትም። የሂሳብ፣ የማርኬቲንግ፣ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ እንደዛው ሁለት ወር እኔ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ስመረቅ ማን ይይዘኛል ብሎ ከመፍራቱ በፊት አንድ ዙር ጫጩት አብሮኝ ቢያወጣ፣ እኔም ሳላውቀው በሲቪ ብቻ ከመቅጠር እድን ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሄድኩበትን አልነገርኳችሁም። ያንን የ2014 የደመወዝ ደብተር ነበር ሳስነሳ የነበረው፣ አስራ አራት ወር፣ አስራ አራት ፊርማ። ገቢዎች ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን ማሳወቅ ይቻላል፣ ከነቅጣቱና ከነወለዱ። ዋናው ብቻ ግብሩም ጡረታውም ሲደመር 14,385 ብር ነው፣ የሷንም ድርሻ እኔው እከፍለዋለሁ። ትናንት ማታ ሆሳዕና ደወልኩላት። አሁን የእንስሳት መድሀኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሰራው። ነገሩን ነገርኳት። "እትዬ አሁን ምን ያደርጋል፣ አለፈ እኮ" አለች። ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ዝም አለችና "ቲን ቁጥሬን ልላክልሽ?" አለችኝ።

በቴሌግራም ላከችልኝ። ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ።